ቤት ልቀይር ያለ ተከራይ ስንት ቦታ ይገፈፋል?

አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ቤት የሚቀይረው አማርጦ አይደለም። ወይ አከራዩ «ጨምር» ይለዋል፤ ወይ መንግሥት «ልቀቅ» ይለዋል። «ሦስተኛ ምክንያት አለኝ» የሚል ቢኖር የኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣለት ነው። እሱም ቢሆን የባንኩን ዕዳ እየከፈለ፣ የኪራዩንም እየከፈለ፣ ወለሉንና ቧንቧውን አሠርቶ እስኪገባ ድረስ ደስታው በደረሰኝ ብዛት ይቀዘቅዛል።

ይህን የምለው ከሰው ሰምቼ አይደለም። ትዳር ከያዝኩ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሰባት ቤት ቀይሬአለሁ። ሦስቱ ልጆቼ የተወለዱት በሦስት የተለያየ ሰፈር ነው። ባለቤቴ ሲኒዎቿን የምትቆጥራቸው «ከሽሮሜዳ የተረፉት»፣ «ከጀሞ የተረፉት» እያለች ነው። ስለ ቤት መቀየር ወጪ ለመናገር ዲግሪ ባይኖረኝም የሥራ ልምድ አለኝ ማለት ነው።

ታዲያ ይህ የሥራ ልምድ ያስተማረኝ አንድ ነገር ቢኖር ገንዘቡን የሚበላው መኪናው አለመሆኑን ነው። ሰው «ቤት ልቀይር ነው» ሲል በመጀመሪያ የሚያሰላው የአይሱዙን ዋጋ ነው። አይሱዙው ግን ከተርታው አንዱ ብቻ ነው። ደላላው አለ፤ ቅድሚያ ክፍያው አለ፤ ጫኙ አለ፤ አውራጁ አለ፤ የቆጣሪ ዕዳው አለ፤ የእድር መግቢያው አለ፤ «መሸኛ» ለማውጣት ከሥራ የሚቀርበት ቀን አለ። ይህ ሁሉ ተሰልፎ የሚጠብቀው አንድ ደመወዝ ነው። ያውም ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ወዲህ ብር በገበያ ይመራ ተብሎ የመግዛት አቅሙ የሟሸሸ ደመወዝ!

ስለዚህ ዛሬ ነገሩን ከሁለት ከፍዬ ላየው ነው። አንደኛው ተከራዩ በገዛ እጁ ሊያድነው የሚችለው ነው። ሁለተኛው የቱንም ያህል ቆጣቢ ቢሆን ሊያድነው የማይችለው፣ ቁልፉ በሌላ ሰው እጅ ያለው ነው። «ሕዝቡ ቁጠባ አያውቅም» የሚሉን ሰዎች ሁለተኛውን እንዲያነቡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የረከሰ ቤት የሚያስከፍለው

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እናንሳ። ሰው ኪራይ ሲወደድበት ወደ ዳር ይሸሻል። ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ… «እዚያ እኮ ቤት ርካሽ ነው» ይባላል። እውነት ነው፤ ቤቱ ርካሽ ነው። ኑሮው ግን ርካሽ ነው ወይ?

እስቲ በእርሳስ እናስላው። ለምሳሌ ያህል 12 ሺህ ብር የምትከፍልበትን ቤት ለቀህ ዳር ላይ በ8 ሺህ ብር አገኘህ እንበል። በወር 4 ሺህ ብር አዳንክ ማለት ነው። አሁን አንተም ባለቤትህም ወደ ሥራ ስትሄዱ ሁለት ታክሲ፣ ስትመለሱም ሁለት ታክሲ ተጨመረባችሁ። አንዱን በ20 ብር ብቻ ብናስበው ለአንድ ሰው በቀን 80 ብር፣ ለሁለት ሰው 160 ብር ነው። ወር ውስጥ 24 የሥራ ቀን ቢኖር 3 ሺህ 840 ብር ሆነ። ከዚያ «ትርፍ» ውስጥ እጅህ ላይ የቀረችው 160 ብር ናት። እሷም ውኃ ስትጠፋ ለጀሪካን ትሄዳለች። ማታ በሰልፍ የሚያልፈውን ሁለት ሰዓትና ልጆቹ ተኝተው የሚደረስበትን ቤት በብር አልመነዘርኩትም።

ይህን ስል ዳር አትሂዱ ማለቴ አይደለም። እኔም ዳር ነኝ። ግን ከመስማማታችሁ በፊት በሥራ ቀን ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ እዚያው ሰፈር ቆማችሁ እስከ መሥሪያ ቤታችሁ ሂዱና ሞክሩት። ቤት የሚታየው በእሑድ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ሁሉም መንገድ ቅርብ ይመስላል። ውኃው በፈረቃ ከሆነ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ አከራዩን አትጠይቁ፤ ሱቁን ጠይቁ። ባለሱቁ የሚያተርፍበት ውሸት የለውም።

የመብራቱም ነገር አለ። ብዙ ግቢ ውስጥ አከራዩና ሦስት አራት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማሉ። የመብራት ታሪፍ ደግሞ እንደ ደረጃ ነው፤ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ዋጋም ይጨምራል። ለብቻህ ቢሆን ዝቅተኛው እርከን ላይ የምትቀር ሰው፣ የሁሉ ሰው ምጣድ በአንድ ቆጣሪ ሲደመር በውዱ ዋጋ ትከፍላለህ። ስለዚህ «መብራትና ውኃ እንዴት ነው?» የሚለው ጥያቄ ከኪራዩ ጥያቄ እኩል መነሳት አለበት። ቆጣሪው የብቻህ ከሆነ ደግሞ የቀድሞው ተከራይ ዕዳ እንዳይተላለፍብህ ቁጥሩን በገባህበት ቀን በስልክህ ፎቶ አንሳው። ግድግዳውን፣ መስኮቱንና ሽንት ቤቱንም አንሳ። በምትወጣበት ቀን «አንተ ነህ የሰበርከው» ቢባል ፎቶው ይመልሳል።

ስለ ደላላ

ደላላ ሥራ ነው፤ ሠርቶ የሚበላን ሰው አልነቅፍም። ችግሩ አንዱን ቤት ሦስት ደላላ «የኔ ነው» ማለቱ ነው። አንዱ ያሳይሃል፣ ሁለተኛው ያዋውልሃል፣ ሦስተኛው ዕቃህን ጭነህ ስትመጣ በር ላይ ቆሞ «ጋሼ፣ የኔስ?» ይልሃል።

መድኃኒቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ቤቱን ከማየትህ በፊት ክፍያው ስንት እንደሆነና ለማን እንደሚሰጥ ተነጋገር፤ አከራዩ ባለበት ተነጋገር። «ማሳያ» እየተባለ በየበሩ የሚጠየቀውን አትክፈል። ሁለተኛው ይበልጥ ይረክሳል። ደላላ ጋ ከመሄድህ በፊት ለዘመድ፣ ለእድር ዳኛ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ወይም ለመስጊዱ ሰው፣ ለልጆችህ ትምህርት ቤት ጥበቃ ንገር። እኔ ከሰባቱ ቤት ሦስቱን ያገኘሁት በቡና ላይ ወሬ ነው። አከራይም እኮ የሚፈልገው የታወቀ ሰው ነው። የሰው ዋስትና የደላላን ኮሚሽን ያስቀራል።

ዕቃው ሳይጫን

አሁን ወደ ዕቃው እንምጣ። ቤት ሲቀየር የሰው ልጅ ምን ያህል ኮተት እንደሰበሰበ ያውቃል። የተሰበረ ወንበር፣ የማይሠራ ቴሌቪዥን፣ ክዳን የሌለው ድስት፣ «ይጠቅም ይሆናል» የተባለ የብረት ቁርጥራጭ… ይህን ሁሉ በአይሱዙ ጭኖ አዲሱ ቤት ወስዶ እንደገና አልጋ ሥር መክተት ለማይረባ ዕቃ ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

ከሁለት ሳምንት በፊት ይጀመር። «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረውን ልጅ ጥሩትና ብረቱን፣ ጠርሙሱን፣ አሮጌውን ጀሪካን ስጡት፤ ዋጋ ግን ተከራከሩ። «ልዋጭ!» የምትለዋ ስትመጣ አሮጌ ልብሱና ጫማው በሳፋ ይለወጥ፤ ሳፋው ለዕቃ መያዣም ይሆናል። ካርቶን አትግዙ፤ ከባለሱቅ ደንበኛችሁ ቀድማችሁ አስቀምጡ በሉት። የጤፍ ማዳበሪያ ለልብስና ለጫማ ከሁሉ ይሻላል። ሲኒና ብርጭቆ በጋዜጣ ሳይሆን በጋቢና በፎጣ ይጠቅለል፤ ጋቢውም መጓዙ አይቀርም። የሸክላ ምጣድ ለጫኝ አይሰጥም፤ በእጅ ተይዞ፣ ቢቻል ከሾፌሩ ጎን ባለው ወንበር፣ እንደ እንግዳ ተቀምጦ ይሄዳል። ፍሪጅ ቆሞ ይጫን፤ አጋድሞ መውሰድ ግዴታ ከሆነም ሲደርስ ቆሞ ጥቂት ሰዓት ሳያርፍ መብራት ላይ አይሰካ። መጭመቂያው ቢበላሽ የጥገናው ዋጋ ከመኪናው ኪራይ ይበልጣል።

ቀኑንም መምረጥ ነው። ቅዳሜና እሑድ፣ ወር በገባ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መኪና ሁሉ ስለሚፈለግ ዋጋ ይንራል። በሥራ ቀን ጠዋት ይሻላል። አንዳንዱ መንገድ ለጭነት መኪና የሰዓት ገደብ ስላለው ከሾፌሩ ጋር አስቀድሞ መመካከር ነው፤ ቆሞ የሚጠብቅበትን ሰዓት የሚያስከፍለው አንተን ነው። ዋጋውንም በጥቅል ተስማማ፤ «እዚያ ስንደርስ እንነጋገራለን» የሚል ሾፌር ካለ ሌላ ፈልግ።

የኛ ካሌንደር ደግሞ አንድ ስጦታ አለው፤ ጳጉሜ! በልማድ ኪራይ የሚከፈለው በአሥራ ሁለቱ ወር ነውና የነሐሴን ከፍለህ መስከረም 1 ቀን አዲሱ ቤት የምትጀምር ከሆነ፣ በመሀል ያሉት ቀናት የመጽጃና የማጓጓዣ ናቸው። አከራዮቹ ከተስማሙ ለአንድ ወር ሁለት ቦታ ከመክፈል ይገላግላል። ልጆቹም ትምህርት ሳይጀመር ይገባሉ። ዝናቡ ገና አልወጣምና ሸራ መያዝ አይረሳ፤ የራሰ ፍራሽ ሳምንት አይደርቅም።

«ፋዘር፣ እዚህ ሰፈር እንዲህ ነው»

እስካሁን ያልኩት ሁሉ በተከራዩ እጅ ያለ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን በእጃችን የለም።

ባለፈው ጊዜ ስቀይር እንደተለመደው ሁሉን አስልቼ፣ ሁለት የባለቤቴን ወንድሞችና አንድ የሥራ ባልደረባዬን ይዤ፣ ዕቃዬን አስጭኜ በከተማው ዳርቻ ካለ አንድ የጋራ መኖሪያ መንደር ደረስኩ። መኪናው ገና ሳይቆም ሰባት ጎረምሶች ከበቡት። ዕቃውን ዓይናቸውን ጣል አድርገው ቆጠሩና «ስድስት ሺህ» አሉ። መኪናው ከከተማው ማዶ እስከዚህ ያመጣኝ በአራት ሺህ ነው! «ሰው ይዣለሁ፣ እናንተን አላስቸግርም» አልኩ። አንዱ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና «ፋዘር፣ እዚህ ሰፈር እንዲህ ነው፤ ራስህ ብታወርድም ትከፍላለህ» አለኝ።

አማቼ ፍራሹን አነሳ። አንደኛው ልጅ ፍራሹ ላይ ተቀመጠበት። ሾፌሩ «ጋሼ፣ ተስማማና ልሂድ፣ መስታወቴን ይሰብሩብኛል» እያለ ይለማመጠኛል። ባለቤቴ ከላይ ሆና «ኧረ ስጣቸውና ይግቡ፣ ነገ እዚሁ ነው የምንኖረው» አለች። በመጨረሻ በሦስት ሺህ አምስት መቶ ተዘጋ። ደረሰኝ የለም። ቡፌው አንድ መስታወት ጎደለው። የጎደለው የማን እንደሆነ የሚጠየቅ የለም።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ታሪክ የኔ ብቻ ነው ወይ? በየኮንዶሚኒየሙ የገባ ሁሉ የራሱ አለው። ሶፋው ከመኪና ሳይወርድ የመሸበት አለ፤ ሌሊት በስውር ዕቃ ያስገባ አለ። የገዛ ቤቱን ዕቃ እንደ ሌባ በጨለማ የሚያስገባ ሕዝብ የት አገር ታይቷል?

ለልጆቹ ክፋት የለኝም። ሥራ ያጡ ወጣቶች ናቸው። ከእነሱ ውስጥ ተደራጅቶ፣ ፈቃድ ይዞ፣ ተጠርቶ የሚሠራ ጨዋም ብዙ ነው። አራተኛ ፎቅ ድረስ ፍሪጅ ተሸክሞ የወጣ ሰው ላቡን ሊከፈለው ይገባል። የማልስማማው ላልሠራው ሥራ ሲከፈለው ነው። ላልተሠራ ሥራ በማስፈራራት የሚወሰድ ገንዘብ በየትኛውም ሕግ ደመወዝ ተብሎ አያውቅም፤ ስሙ ሌላ ነው። የከተማው ባለሥልጣናት ባለዕቃ ንብረቱን በራሱ ማውረድ እንደሚችል በተለያየ ጊዜ ሲናገሩ ሰምተናል። መልካም ነው። ግን ያ ንግግር የሚያስፈልገኝ በቴሌቪዥን ሳይሆን አማቼ ፍራሹን ባነሳበት ሰዓት፣ እዚያው በር ላይ ነበር። ደንብ አስከባሪው የጉሊት ነጋዴዋን ቲማቲም ለመበተን ሲሮጥ እናየዋለን፤ ይህን ለማየት ዓይኑ የሚታመመው ለምንድን ነው?

ድሮ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል ነበር። ጎረቤት ሲገባ ወንዱ ቁም ሳጥኑን ይይዛል፤ ሴቷ ቡና ታፈላለች። ቤት የመቀየር ትልቁ ቁጠባችን ይህ መረዳዳት ነበር። ዛሬ ጎረቤቱን ያገዘ ሰው «ምን አገባህ?» ተብሎ ይመታል። ከኪሳችን የወጣው ብር ብቻ አይደለም።

አዋጁ ወረቀት ላይ፣ ተከራዩ መንገድ ላይ

ወደ ትልቁ ነገር እንለፍ። ከቁጠባ ሁሉ ትልቁ ቁጠባ ቤት አለመቀየር ነው። አንዴ የተቀመጡበት ቤት አራት ዓመት ቢኖሩበት የደላላው፣ የመኪናው፣ የአውራጁ ወጪ ለአራት ዓመት ይካፈላል። በየዓመቱ ከተነሱ ግን በየዓመቱ ነው።

ይህን ለማስቆም ሕግ አልወጣም እንዳይባል ወጥቷል። በ2016 ዓ.ም የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ይባላል። ምን ይላል? ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ ይላል። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት አይነስ ይላል። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይብለጥ ይላል። ጭማሪ በዓመት አንዴ፣ ተቆጣጣሪው አካል ይፋ ባደረገው መጠን ብቻ ይሁን ይላል። ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይሁን ይላል። ጥሩ ነው! እኔ ተቃዋሚ ስለሆንኩ ጥሩውን ጥሩ ከማለት አልቦዝንም።

አሁን በዚህ አዋጅ ተስፋ አድርገህ ቤት ፍለጋ ውጣ። «ስድስት ወር ቅድሚያ» ይሉሃል። በወር 10 ሺህ ብር ለሆነ ቤት 60 ሺህ ብር ማለት ነው፤ ሕጉ የሚለው 20 ሺህ። ልዩነቷን 40 ሺህ ከየት ታመጣለህ? ዕቁብህን ለምነህ፣ ከዘመድ ተበድረህ። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይሉ ነበር አባቶች፤ የኛ ግን ቸግሮን ነው። «ኧረ ሕጉ ሁለት ወር ነው የሚለው» ብትል ደግሞ እትዬ አከራይ ፈገግ ብለው «እንግዲያው ሕጉ ያከራይህ ልጄ» ይሉሃል። ከኋላህ ስድስት ሰው ተሰልፏል።

ሌላም ጉድ አለ፤ ሁለት ውል። አንዱ ለወረዳው፣ አንዱ ለኪስ። በእውን 15 ሺህ እየከፈልክ ወረቀቱ ላይ 7 ሺህ ተብሎ ትፈርማለህ። አከራዩ ግብር ይቀንስለታል፤ አንተስ ምን አገኘህ? ነገ ክርክር ቢነሳ በሕግ ፊት ያለህ የ7 ሺህ ውል ነው። በእጅ የሰጠኸው 8 ሺህ ምስክር የለውም። «ቅድሚያ ከፍያለሁ» ብትልም ማስረጃ የለህም። ስለዚህ የምትችል ከሆነ ከከፈልከው ሁሉ ቢያንስ በባንክ ያለፈውን አብዛው፤ ወረቀቱን አትጣል። በባንክ ያስገባኸው ብር አከራዩ ቢክድም አይክድም።

ለአከራዩም ፍርድ እንስጥ። በአዲስ አበባ አከራይ ሁሉ ባለ ፎቅ አይደለም። ሁለት ክፍል ሠርቶ በጡረታው ላይ የሚደጉምበት፣ ባሏ የሞተባትና በኪራይ ልጅ የምታስተምር ብዙ ናት። በ2015 ዓ.ም የጣሪያና ግድግዳ ግብሩ ተሰቀለባቸው፤ የኪራይ ገቢ ግብሩም አለ፤ ሲሚንቶውም ዘይቱም ለእነሱ አልረከሰም። መንግሥት ከላይ ሲጨምርባቸው እነሱ ወደ ታች ያስተላልፉታል፤ ተከራዩ ግን የሚያስተላልፍበት ታች የለውም። መጨረሻ ላይ ያለው እሱ ነው። የኔ ክርክር ከአከራዮች ጋር አይደለም። ሕግ አውጥቶ፣ አስመዝግቦ፣ ከዚያ ከግብሩ ሌላ ምንም ከማይጠይቀው ጋር ነው። ምዝገባው ግብር ለመሰብሰብ ሲሆን ይፈጥናል፤ ተከራይ «ያለ አግባብ አስወጡኝ» ሲል ለምን ያነክሳል?

መንግሥት ራሱ ሲያስነሳስ?

እስካሁን ያወራነው «ጨምር» ስለተባለው ነው። «ልቀቅ» የተባለውስ?

ነገሩ ሥር አለው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ፤ ኪራይንም ከ15 እስከ 50 በመቶ ቀነሰ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ስለዚያ አዋጅ ብዙ ሊባል ይችላል፤ ቤታቸውን ያጡት ዛሬም ያዝናሉ። ሆኖም በእነዚያ አሮጌ የጭቃ ቤቶች ውስጥ ድኃው ለሥራው ቀርቦ፣ እድሩን መሥርቶ፣ ልጅ አሳድጎ ኖረ። ፒያሳና ካዛንቺስ እንዲያ ነበሩ።

በ2016 ዓ.ም ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ፈረሱ። ከካዛንቺስ የተነሱት ብዙዎቹ ወደ ገላን ጉራ ሄዱ። አዲስ ቤት ያገኘው አገኘ፤ ሽንት ቤትና ውኃ ያለው ቤት መግባቱን አላቃልልም። ግን ቅድም በእርሳስ ያሰላናትን የታክሲ ሒሳብ ለካዛንቺስ የጉሊት ነጋዴ አስሉላት። ደንበኞቿ ካዛንቺስ ቀሩ፤ እሷ ገላን ጉራ ናት። በግለሰብ ቤት ተከራይቶ የኖረውስ? የካሳ ሕጉ ዋና ባለጉዳዩ ባለይዞታው ነው። አከራዩ ካሳውን ይዞ ሲሄድ ተከራዩ ፍራሹን ይዞ መንገድ ላይ ይቆማል፤ ደላላውን፣ አይሱዙውንና አውራጁን በአንድ ሳምንት ውስጥ ካልቆጠበው ብር ይከፍላል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ እድሩ ነው። ሠላሳ ዓመት በየወሩ የተዋጣበት፣ ድንኳኑና ወንበሩ፣ ድስቱና ብርጭቆው የተገዛበት ማኅበር ነው። አባላቱ በአራት አቅጣጫ ሲበተኑ ማን ማንን ይቀብራል? አዲሱ ሰፈር ያለው እድር ደግሞ «የንብረት ድርሻ» ብሎ መግቢያ ያስከፍላል። ያስከፍል፤ የራሱ ሰዎች ያዋጡት ነው። ግን የሠላሳ ዓመቱ መዋጮ የት ገባ? በየትኛው የካሳ ቅጽ ላይ «እድር» የሚል ተራ አለ?

ምን ይደረግ?

የጠየቅኩት ብዙ አይደለም። ቤት ሥሩልን እንኳ አላልኩም፤ ያን ያህል አልደፈርኩም።

አንደኛ፣ የጫኝና አውራጅ ዋጋ በፎቅና በዕቃ ዓይነት ተጽፎ በየመንደሩ በር ላይ ይለጠፍ፤ አገልግሎቱ በፈቃድ ብቻ ይሁን፤ የሚያስገድድ ሲኖር የሚደወልበት ስልክ ይኑር፤ ሲደወልም የሚመጣ ሰው ይኑር። ሁለተኛ፣ ውል የሚመዘግበው ወረዳ ቅድሚያው ስንት ወር እንደተከፈለ ተከራዩን ለብቻው ይጠይቅ፤ እውነቱን ስለተናገረ የተባረረ ተከራይ ቢኖር ቤቱ ለሁለቱ ዓመት ይመለስለት። ሦስተኛ፣ መሸኛ ሦስት ቀን የሚያስመላልስበት ምክንያት የለም። በስልክ ገንዘብ የሚላክበት ዘመን ላይ አንድ ወረዳ ለሌላው ወረዳ ስም መላክ አቃተው? አራተኛ፣ ሰፈር ሲነሳ ከትምህርት ዘመን ውጭ ይሁን፤ በቂ ጊዜ ይሰጥ፤ የግለሰብ ተከራይም ሰው ነውና የመጓጓዣውን ያህል እንኳ ይታሰብለት፤ የእድር ንብረትም ይመዝገብና ይካስ።

ለኛ ለተከራዮች የቀረችን ምክር አንዲት ናት። በየግቢያችን ለየብቻ እየተለማመጥን መክረማችን ነው የጎዳን። አከራይ ማኅበር ባይኖረው እንኳ ቤቱ ማኅበሩ ነው፤ ደላላ ሰንሰለት አለው፤ አውራጅ ማኅበር አለው፤ መንግሥት መንግሥት ነው። ብቻውን የቀረው ተከራይ ነው። በአንድ ግቢ አራት ተከራይ ካለ አራታችሁም አንድ ዓይነት የተጻፈ ውል ጠይቁ፤ አንዱን ማስወጣት ቀላል ነው፣ አራቱን አንዴ ማስወጣት ግን ለአከራዩም ኪሳራ ነው። ጎረቤት ዕቃ ሲያወርድ ከሰገነት ላይ ከማየት ወርዳችሁ ያዙለት፤ ሰባት ጎረምሳ የሚያስፈራው አንድን ሰው እንጂ ሃያ ጎረቤትን አይደለም።

እኛ ካርቶን አልገዛንም፤ ሲኒ በጋቢ ጠቅልለናል፤ በጳጉሜ ተጉዘናል፤ ፍራሽ በራሳችን ተሸክመናል። ከዚህ በላይ የምንቆጥበው ምን ቀረን? እንግዲህ ቁጠባው ተራው የእናንተ ነው፤ ክቡራን ሆይ፣ ቢያንስ ዕንባችንን ቆጥቡልን።